በጨዋነት የተቃጠለ እጅ

ሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አላውቅም። ፊት ለፊት ሲሆን «ሲስተር» ነች፤ ዞር ስትል «ሲስተር ቱግ»። እሷም ታውቃለች። አንድ ቀን ሁለት ተማሪ ነርሶች ኮሪደሩ ላይ «ቱግ መጣች» ተባብለው ሊበተኑ ሲሉ ደረሰችባቸውና «ገና አልመጣሁም፤ ስመጣ ታዩኛላችሁ» ብላቸው አለፈች።

እኔ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። እሷ ከምትሠራበት የኬሞ ክፍል በአንዲት ተንሸራታች መስኮት ብቻ በምትለይ ጠባብ ክፍል ውስጥ የካንሰር መርፌ አዘጋጃለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚያች መስኮት አይቻታለሁ። ስለሷ የምጽፈው ስለማደንቃት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ተናድጄ ነው። ከተናደድኩባቸው ሰዎች አንዱ ራሴ ነኝ፤ እሱንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

ያሳደገቻት አክስቷ ናት። አክስትየው ጆሮዋ አይሰማም፤ ስለዚህ እዚያ ቤት «ውሃ አቀብዪኝ»ም «እሳት ተነሣ»ም የሚባለው በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው። ሲስተር ቱግ ስትወቀስ «እኔ አልቆጣም፤ አፌን የፈታሁት እንዲህ ነው» ትላለች። ውሸቷን ነው፤ ትቆጣለች። ትምህርት ቤት እያለች መምህሩ ሒሳብ ሲሳሳት ብድግ ብላ አርማው ከክፍል ተባራለች። ማዋለጃ ክፍል ስትሠራ ደግሞ ምጥ ላይ ያለችን ሴት «ዝም በይ» ብሎ ያመናጨቀ ሐኪም ላይ ጮኻ በቅጣት ወደ ኬሞ ክፍል ተላከች። ያኔ ኬሞ ክፍል ማንም የማይፈልገው ቦታ ነበር፤ መድኃኒቱን ሁሉም ይፈራዋል። እሷ የመመሪያውን መጽሐፍ ተውሳ ቤቷ ወሰደች፤ ለአክስቷ እየጮኸች ስታነብላት ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤቱ ሁሉ የኬሞ አሰጣጥ ተማረ እያልን እንቀልድባት ነበር። የቀጧት ሰዎች ምን ዓይነት ውለታ እንደዋሉልን እስከ ዛሬ አያውቁም።

ስለ ቀዩ መድኃኒት ትንሽ ልንገራችሁ፤ ካላወቃችሁት የቀረው አይገባችሁም። ለማያውቀው ሰው የሕፃናት ሽሮፕ ይመስላል። እኔ ሳዘጋጀው ሁለት ጓንት ደርቤ፣ ከኋላ የሚታሰር ካፖርት ለብሼ፣ አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ አየሩን ወደ ውስጥ በሚስብ የመስታወት ሣጥን ውስጥ እጄን አስገብቼ ነው። አንዲት ጠብታ ብትፈናጠቅ ሥራው ይቆማል፣ ቦታው ይታጠባል፣ ይመዘገባል። ደም ሥር ውስጥ እስከገባ ድረስ ባለውለታ ነው፤ ከደም ጋር ሄዶ ካንሰሩን ይገድላል። ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ግን ያገኘውን ሥጋ ይበላል። ያኑ ዕለት ትንሽ ቀላ፣ ትንሽ እብጥ ከማለት ሌላ አይታይም። በሳምንቱ ውሃ ይቋጥራል፤ ቆይቶ ይጠቁራል፤ ከዚያ እስከ ጅማት ድረስ ይዘልቃል።

ስለዚህ ደንብ አለው። ቀዩ በከረጢት ተሰቅሎ ብቻውን እንዲንጠባጠብ አይተውም። በሲሪንጅ ይዘጋጅና ነርሷ አጠገብ ተቀምጣ፣ የጨው ውሃው እየወረደ፣ በእጇ ቀስ እያለች ትገፋዋለች። የእጅ ጀርባ ላይ አይወጋም፤ እዚያ ሥጋው ስስ ነው፣ ከሥሩም ጅማት ነው። ክንድ ላይ ነው። በየመሃሉ ወደ ኋላ እየሳበች ደም መመለሱን ታያለች። ደም ካልመጣ ታቆማለች። ይኸው ነው። ትልቅ ጥበብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መቀመጥ ነው።

ሲስተር ቱግ ትቀመጥ ነበር። ስልክ ቢጮኽ፣ ሐኪም ቢጠራት አትነሣም። ከመጀመሯ በፊት ለእያንዳንዱ በሽተኛ የምትለውም አንድ ነው።

«እዚህ ወንበር ላይ ጨዋነት አልፈልግም። ካቃጠለዎት፣ ከቆጠቆጠዎት፣ ጉንዳን የሄደብዎት እንኳ ቢመስልዎት ይጩኹ። ‹ሰው ምን ይለኛል› ብሎ ዝም የሚል ሰው እዚህ ቤት ጠላቴ ነው።»

አንድ ጡረታ የወጣ የአውቶብስ ሾፌር ነበር፤ ገና ክንዱን ስታስርለት ግድግዳው እስኪነቃነቅ ይጮኻል። «ምን ሆኑ? ገና መቼ ነካሁዎት?» ስትለው «ጥሩምባዬ መሥራቱን ላረጋግጥ ብዬ ነው፣ ሲስተር» ይላታል። እሱን ስትወደው ለጉድ ነበር።

አብዛኛው ሰው ግን እንደ ሾፌሩ አይደለም። ሕመሙን ሆድ ይፍጀው ብሎ ነው የሚመጣው። ልጆቹን እንዳያስጨንቅ እብጠቱን ዓመት ይደብቃል፤ እኛ ጋ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ነርሷን እንዳያስቸግር ይደብቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብሎ የሚተርተውም ይኸው ሰው ነው! ክፍሉን የምታስተዳድረው ሜትረን ይህን ጠባይ ሽልማት አበጅታለት ነበር። የማያቃስት በሽተኛ መስኮት አጠገብ ያለው ምቹ ወንበር ይሰጠዋል፤ «የኛ ጨዋ» ይባላል፤ ለሌላው ምሳሌ ተደርጎ ይጠቀሳል። የሚያቃስተው በሩ ጋ፣ ነፋስ የሚመታው ቦታ ይቀመጣል። ማንም ጽፎ አልለጠፈውም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። ሲስተር ቱግ ስትቃወም ሜትረኗ ፈገግ ብላ «ዝም አይነቅዝም» ትላታለች።

«ዝም አይነቅዝም፤ ሥጋ ግን ይበሰብሳል» ትመልሳለች ሲስተር ቱግ።

ልብስ ሰፊዋ መስኮቱ አጠገብ ከሚቀመጡት አንዷ ነበረች። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ሴት ልጆቿን ያሳደገችው የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነው። ግራ ጡቷ በቀዶ ጥገና ስለወጣ፣ ክንዷ እንዳያብጥ በግራ በኩል መርፌ አይገባላትም። የቀረው ቀኝ እጇ ነው፤ መቀስ የሚይዘው፣ ክር የሚያስገባው፣ ቤቱን የሚያኖረው። ሦስት ጊዜ ቀዩን ወስዳለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ሲስተር ቱግ አጠገቧ ነበረች። አንድም ቀን አልጮኸችም፤ የሚያስጮህ ነገር አልገጠማትማ።

በአራተኛው ጊዜ እንግዳ መጣ።

ከዚያ አንድ ቀን በፊት ሜትረኗ መስኮቴን አንኳኳች። ከበላይ መሥሪያ ቤት ጎብኚዎች እንደሚመጡና ነርሶቹ ሁሉ ዋናው በር ላይ ተሰልፈው እንደሚቀበሏቸው ነገረችኝ።

«ነገ ቀዩን በከረጢት አድርግልኝ» አለችኝ። «ከተሰቀለ ራሱ ይወርዳል፤ የሚቀመጥ ሰው አያስፈልገውም።»

«ሜትረን፣ ይሄ እኮ ደንቡ…»

«አንድ ቀን ነው። አታሳፍረኝ።»

እናቴ የታመመች ጊዜ አልጋ ያስገኘችልኝ ሜትረኗ ናት። ቀብሯ ላይም ከጎኔ ቆማለች። እንዴት ብዬ ዓይኗን እያየሁ እምቢ ልበላት? ይህን የምጽፈው ምክንያት ይሆነኛል ብዬ አይደለም፤ ሰው የሚጎዳው እንዲህ እንዲህ እየተባለ መሆኑን እንድታውቁት ነው። በማግስቱ ጠዋት ሁለት ጓንቴን ደርቤ፣ የልብስ ሰፊዋን ስምና መጠኑን አስተካክዬ ለጥፌ፣ አንዲት ጠብታ ሳላፈስ፣ በጥንቃቄ የተሠራ ጥፋት በመስኮቱ አቀበልኩ።

ሲስተር ቱግ ከረጢቱን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። አፏን ልትከፍት ስትል ሜትረኗ መጥታ ክንዷን ያዘቻትና በጆሮዋ አንድ ነገር አለቻት። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። ሲስተር ቱግ ጓንቷን አውልቃ ሄደች። መርፌውን የሰካችው ከተቀጠረች ወር ያልሞላት ነርስ ናት። የልብስ ሰፊዋ ክንድ ላይ ደም ሥር ፈልጋ አጣች፤ የእጇ ጀርባ ላይ ያለው ጎልቶ ታያት፤ እዚያው ወጋቻት። ከረጢቱን ሰቀለችና እሷም ወደ ሰልፉ ሮጠች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር።

እንግዶቹ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ገቡ። አሥር ይሆናሉ፤ ከፊት ሥራ አስኪያጁ፣ ከጎኑ ሜትረኗ። ቀጥታ ወደ መስኮቱ ረድፍ ወሰዷቸው።

«እንዴት ነዎት እናታችን?» አላት አንደኛው እንግዳ።

«ተመስገን፤ ደህና ነኝ።»

ፈገግ ብላለች። ግንባሯ ላይ ላብ ነበር። ግራ እጇን አንሥታ ቀኝ እጇን ከደነችው። እኔ በመስኮቴ አያታለሁ፤ በርዷት መሰለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ይህን መድኃኒት ያዘጋጀ ሰው፣ በርዷት መሰለኝ!

«እንዴት ያለ ጸጥታ ነው!» አለ እንግዳው ተደንቆ። የሜትረኗ ፊት በራ።

ሲስተር ቱግ ከሁሉም ኋላ ነበር የገባችው። ልብስ ሰፊዋን ገና ከሩቅ ስታያት ገባት። እንግዶቹን በክርኗ እየገፋች አልፋ የከረጢቱን ቱቦ ቆለፈችው፤ የተከደነውን እጅ ገለጠችው። የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል ቦታ ቀልቶ አብጧል።

«ካኑላውን እንዳትነቅይው!» ብላ አዲሷ ነርስ ላይ ጮኸች። «ባዶ ሲሪንጅ! በረዶ! እስክሪብቶ!»

በካኑላው፣ ደም ሥሯ ውስጥ በተሰካችው ቀጭን ቱቦ በኩል መልሳ የቻለችውን ያህል ሳበች፤ ጥቂት ቀይ ጠብታ ብቻ ወጣላት። ከዚያ ነቀለችው። የእብጠቱን ዳር በእስክሪብቶ አከበበች፣ ሰዓቱን አጠገቡ ጻፈች፣ እጁን ትራስ ላይ ከፍ አድርጋ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ አስቀመጠችበት። ቀና ስትል እንግዶቹ አሁንም ቆመው ያያሉ።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ውጡ! ይሄ ቲያትር ቤት አይደለም!»

«ይቅርታ ሲስተር» አለች ልብስ ሰፊዋ በቀጭን ድምፅ። «ከመጀመሪያው ጀምሮ አቃጥሎኛል። እንግዳ ፊት እንዳላሳፍራችሁ ብዬ ነው።»

ያን ስሰማ የተሰማኝ ንዴት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። በሷ አይደለም። እጇ እየነደደ የኛን ክብር ስትጠብቅልን፣ የሷን እጅ የጠበቀ አንድም ሰው አልነበረም። ወረቀት ሙሉ ደንብ ያለን፣ ነጭ ካፖርት የለበስን ሰዎች!

ለዚህ ነገር ማርከሻ አለ። ከጉዳቱ ርቆ በሌላ ክንድ ይሰጣል፤ መድኃኒቱ ከፈሰሰ በስድስት ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ሦስት ቀን ይቀጥላል። ካልተገኘ ሥጋው ሲሞት ጠብቆ መቁረጥ ሊመጣ ነው። መጋዘናችን ውስጥ አልነበረም። ሦስት ጊዜ እንዲገዛ ጠይቄ ሦስት ጊዜ «ካጋጠመ ይታያል» ተብሎ ተጽፎበት ተመልሶልኛል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት ግን ሁሉም በቃሉ ይችለዋል። ከተማው ማዶ ያለ ሌላ ሆስፒታል ደወልኩ፤ አላቸው። ያለ ቅጽ አይሰጡም። የትኛው መድኃኒት ፈሰሰ፣ መቼ፣ የት ላይ፣ ማን አዘጋጀው፣ ማን ሰቀለው፤ ከሥሩ ፊርማና ማኅተም። እስከ አሥር ሰዓት ጊዜ ነበረን።

ሥራ አስኪያጁ አዳራሽ ውስጥ ከእንግዶቹ ጋር ሻይ ይጠጣ ነበር። እኔና ሲስተር ቱግ ጠብቁ ተባልን። ጠበቅን፤ ስድስት ሰዓት ሆነ። ቢሮው ሲገባ ሜትረኗም ተከትላን ገባች። ቅጹን አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

«አለርጂ ብለን እንጻፈው» አለ። «አለርጂ የማንም ጥፋት አይደለም።»

«ለአለርጂ ማርከሻውን የሚሰጥ የለም» አለች ሲስተር ቱግ።

«እንዲህ ተብሎ ከተጻፈ እኮ ስማችን ጠፋ። ስድስት ዓመት አንድም አደጋ ያልተመዘገበበት ክፍል ነው።»

«ያልተመዘገበበት! እሱን እንኳ ልክ ብለዋል።»

«ልጅቷ ናት የእጅ ጀርባ ላይ የወጋችው» አለች ሜትረኗ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው ይህ ነው። ልጅቷ ያን ጊዜ ዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

ሥራ አስኪያጁ ወንበሩን ደገፍ አለ። «እሺ፤ በከረጢት አዘጋጅቻለሁ ብሎ ማን ይፈርማል?»

ማንም እንደማይፈርም እርግጠኛ ነበር። ወደ እኔ አየ። እኔ ወለሉን አየሁ። የተሰነጠቀ ንጣፍ ነበር፤ ስንጥቁን ተከትዬ እስከ ግድግዳው ደረስኩና ተመለስኩ። ሲስተር ቱግ አላየችኝም። እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ስድስት ሰዓት ተኩል» አለች።

አንሥቼ ጻፍኩ፦ «በሲሪንጅ መዘጋጀት ሲገባው፣ በሜትረኗ ጥያቄ በከረጢት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።» ፈረምኩ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ጀግና ብሆን ኖሮ በዋዜማው መስኮቴ ላይ እምቢ እል ነበር።

«እንዲህ ታደርገኛለህ?» አለችኝ ሜትረኗ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

«ማኅተሙን» አለች ሲስተር ቱግ።

«ትንሽ እናስብበት እንጂ…» ሲል ሥራ አስኪያጁ አላስጨረሰችውም።

«እንግዶቹ ገና ግቢ ውስጥ ናቸው። እርስዎ ካልመቱት ሄጄ እነሱን አስፈርማለሁ።»

መታው።

የአምቡላንሱ ሾፌር ምሳውን ጥሎ ወሰደኝ። መንገዱ ተዘግቶ፣ እዚያ ደግሞ መጋዘኑን የሚከፍተው ሰው እስኪገኝ ቆመን፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ብልቃጦቹን ታቅፌ ተመለስኩ። ሐኪሙ ለዚህ ብቻ ሲል የግራ ክንዷን ፈቀደ። ሲስተር ቱግ በረዶውን አስቀድማ አንሥታ ነበር፤ ዘጠኝ ተኩል አለፍ እንዳለ ጀመረችላት።

ሦስቱንም ቀን ራሷ ሰጠቻት። በሁለተኛው ቀን የልብስ ሰፊዋ ትልቋ ልጅ መጥታ «ማነው እናቴን እንዲህ ያደረገው?» ብላ ጠየቀች። እናትየው ደንግጣ «ተይ፣ ሰው አታስቀይሚ» አለቻት። ሲስተር ቱግ ቱቦውን እያስተካከለች «እኛ ነን» አለች። «እናትሽ ምንም አላጠፋችም። ከፈለግሽ በጽሑፍ እሰጥሻለሁ።» ለመሳደብ ተዘጋጅታ የመጣችው ልጅ ወንበር ስባ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

እጇ ተረፈ። ቆዳው በሁለት ቦታ ተልጦ ጠባሳ ሆነ፤ የመሃል ጣቷ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም፤ መቀስ ግን ትይዝበታለች። ከዚያ ደብዳቤ መጣ። ለእኔ ማስጠንቀቂያ፤ ይገባኛል። ለሲስተር ቱግ ደግሞ «በእንግዶች ፊት ድምፅዋን ከፍ በማድረግ የተቋሙን መልካም ስም አጉድፋለች» ተብሎ ወደ መዝገብ ቤት መዛወሪያ። ደብዳቤው ላይ እጅ የሚል ቃል የለም፤ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ለሜትረኗ የምስጋና ወረቀት ተሰጣት፣ ለመስተንግዶው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሏል።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ልብስ ሰፊዋ የቀራትን ሕክምና ልትጨርስ ተመለሰች። ሌላ ነርስ ጓንት አጥልቃ ስትቀርባት እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች።

«ልጄ፣ አትቀየሚኝ» አለች። «ያቺ ቁጡዋ ካልመጣች እጄን አልሰጥም።»

ሜትረኗ መጥታ አባበለቻት። «ነርስ ሁሉ አንድ ነው፣ እናቴ።»

«እንደሱ ቢሆን ዩኒፎርም ሁሉ ልክ በሆነ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ።

እንደተቀመጠች አንድ ሰዓት አለፈ። መጨረሻ ላይ ሐኪሙ መጥቶ ነገሩን ሲሰማ «ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ጥሯት!» አለ።

ሲስተር ቱግ ከመዝገብ ቤት አቧራዋን ይዛ መጣች። እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ጓንት አደረገች። ሰላም አላለችንም። ሲሪንጆቹን በመስኮቱ ሳቀብላት ስሙንና መጠኑን ጮክ ብላ አነበበች፤ እኔም መልሼ አነበብኩላት። ተቀመጠች። የልብስ ሰፊዋ ክንድ ላይ ካኑላውን አስገባች፣ የጨው ውሃውን ለቀቀች፣ ደም መመለሱን አየች። ከዚያ ዓይኗ ጠባሳው ላይ አረፈ፤ ስድስት ሳምንት የታመቀው ገነፈለ።

«እኔ እርስዎን ይቅር አላልኩም» አለቻት። «ሃያ ደቂቃ! ሃያ ደቂቃ ሙሉ እየተቃጠሉ ዝም አሉ። ስንቴ ነግሬዎታለሁ? ለምን?»

«እኔም አንቺን ይቅር አላልኩሽም» አለች ልብስ ሰፊዋ ረጋ ብላ።

«እኔን? እኔ ምን አደረግሁ?»

«ሄድሽ። ከረጢቱን አይተሽ፣ አውቀሽ፣ ሜትረኗ ስትጠራሽ ጓንትሽን አውልቀሽ ሄድሽ። አንቺ ያልጮኽሽበትን እኔ ማን ነኝና ልጩኽበት?»

ሲስተር ቱግ የመጀመሪያውን ሲሪንጅ አንሥታ ቀስ እያለች መግፋት ጀመረች፤ ሳበች፣ ደሙን አየች፣ እንደገና ገፋች።

«ሜትረኗ ከዚህ ክፍል አስወጣሻለሁ ስትለኝ ፈርቼ ነው» አለች በመጨረሻ፣ መስኮቱ ጋ ሆኜ ለመስማት በተቸገርኩበት ድምፅ።